ያለ ጠራጊዋ የማይነሳው ዝሆን

ዝሆን የሚሉት የስኳድሮኑ ትልቁ የጭነት አውሮፕላን ታንክ ውጦ ይበራል፤ ያለ አንዲት ጠራጊ ግን ከመሬት ንቅንቅ አይልም። ከዘጠኝ ዓመት በፊት ባዶ ክብደቱን ሊያውቁ ሚዛን ላይ ሲያወጡት፣ እማማ ሆዱ ውስጥ ጭራው ጋ ጎንበስ ብላ ትጠርግ ነበር። ጠራጊን ማን ልብ ብሎ ያያል? መዝጋቢው ጽፎ፣ አዛዡ ፈርሞ ሲያበቃ ነው መጥረጊያዋን ይዛ ብቅ ያለችው።

ማኅተም ስላረፈበት ወረቀቱን መሰረዝ አልደፈሩም። ክብደቱ ከወረቀቱ ካልገጠመ ደግሞ ደንቡ አያስነሳም። ስለዚህ እማማ ከነሃምሳ ስምንት ኪሎዋ እንደ ጎማው የአውሮፕላኑ አካል ሆነች። መድፍም ይጫን ወታደር፣ እሷ ጭራው ጋ ወንበር ላይ ታስራ ትሄዳለች። ስትከሳ ሐኪሙ ይቆጣታል፤ ስትወፍር የአብራሪው ፊት ይጠቁራል።

አሁን ልጇ የመጀመሪያዋን ልትወልድ ቀኗ ገፍቷል፤ ከእናቷ በቀር ሰው የላትም። እማማ አዛዡ ቢሮ ዘው አለች።

«ፈቃድ ስጠኝ።»

«እማማ፣ ለጎማ ፈቃድ ተሰጥቶ ያውቃል?»

«ጎማ ልጅ የለውም።»

እዚያው የነበረው መካኒክ ጣልቃ ገባ። «በእርስዎ ልክ አሸዋ በጆንያ ብናስቀምጥስ?»

«ዘጠኝ ዓመት አብሬያችሁ ተንገላትቼ በጆንያ ልትለውጡኝ?»

«አሸዋ ወረቀቱ ላይ የለም» አለ አዛዡ። «መዛኞቹም በየአሥር ዓመቱ ስለሆነ የሚመጡት ለከርሞ ነው።»

እማማ ወጣች። ለምን ትለፋደዳለች? ማክሰኞ ዝሆኑ ድንኳን የሚያራግፈው ልጇ ያለችበት ከተማ መሆኑን ከአዛዡ ቀድማ ታውቃለች።

ማክሰኞ ድንኳኑ ሲራገፍ ቀበቶዋን ፈትታ፣ ጥቅልሏን ብብቷ ሥር ሸጉጣ ወረደች። አብራሪው ተከትሏት ሮጠ።

«እማማ፣ በግማሽ ሰዓት እንሄዳለን።»

«መንገዱን ጨርቅ ያድርግላችሁ።»

አብራሪው ዝሆኑን አየ፣ ወረቀቱን አየ። በሬዲዮ ለአዛዡ ነገረው። አዛዡ ብዙ አሰበና ለበላዮቹ «አውሮፕላኑ አካሉ ጎድሎ ቆሟል» ብሎ ጻፈ። እነሱም መለዋወጫ እስኪገኝ ይቁም አሉ።

ዓርብ ሴት ልጅ ተወለደች። አብራሪው ለአራሷ ውሃ ይቀዳል፤ አብሮት የበረረው መካኒክ ሽንት ጨርቅ ያጥባል፤ ምን ሥራ አላቸው? በአሥረኛው ቀን አብራሪው ቆቡን አውልቆ በር ላይ ቆመ።

«እማማ፣ መቼ ነው የምንሄደው?»

እማማ ሕፃኗን ትከሻዋ ላይ አድርጋ ጀርባዋን መታ መታ ታደርጋለች።

«ልጄ ጉልበቷ ሲጸና። እስከዚያ ያንን መካኒክ ጨርቁን አጥብቆ እንዲጨምቅ ንገረው፤ ያንጠባጥባል።»