ምንም አይንኩ፣ አባባ

«ዛሬ ካልሆነ ነገ ይጠፋል ብለውኛል» አለች ልጅቱ፣ ማመልከቻዋን በመስኮቱ ሥር እየገፋች። «የአባቴ ድምፅ ነው። ምክር ቤቱ ስብሰባ ላይ በስልክ የተናገረው።»

እትዬ ቃል ሌላውን ሳታነብ መጀመሪያ የስብሰባውን ቀን አየች፤ እጇም ወረቀቱ ላይ ቀረ። ቀኑን መጠየቅ አያስፈልጋትም ነበር። ማንም ሳያዛት በየማለዳው አንድ፣ ሁለት እያለች ስትቆጥር ነው የከረመችው። ዛሬ ዘጠናኛው ነው።

ይህቺ ሴት ማን ናት ቢባል፣ የከተማው ምክር ቤት ቃለ ጉባኤ ያዥ ናት። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የተከበሩት አባላት የተናገሩትን ስትጽፍ ኖራለች። ሲሳደቡም ጽፋለች፤ «ይህቺን እንኳ ተያት» ብለው ሲለምኗትም ጽፋለች። የተባለ አታስቀርም፣ ያልተባለ አትጨምርም። «እትዬ ቃል» የሚለውን ስም ያወጡላት የበሩ ጥበቃዎች ናቸው። መጀመሪያ ለማሾፍ ነበር፤ ኋላ ሊቀመንበሩም ሳይቀር በዚሁ ይጠራት ጀመር። ደስ ይላት ነበር፣ ምን ይደበቃል።

የስብሰባው ሕግ ከወጣ ሦስት ዓመቱ ነው። ስብሰባ ሁሉ ለሕዝብ ክፍት ይሁን ይላል። መምጣት ያልቻለ ቤቱ ሆኖ በስልክ ይግባ፤ ለመናገር የተመዘገበ ሰው ከውሳኔው በፊት ይደመጥ፤ ሳይደመጥ የተወሰነ እንደሆነ ግን ውሳኔው ይፍረስና ጉዳዩ እንደ አዲስ ይታይ። የተቀዳው ድምፅ ዘጠና ቀን ይቀመጣል፣ የጠየቀ ሁሉ ያገኘዋል። በዘጠናኛው ቀን አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ሲሆን መሣሪያው በራሱ ጊዜ ያጠፋዋል። ጥሩ ሕግ ነው። ችግሩ ሕግ ቁልፍ አይጫንም። ቁልፍ የሚጫነው ሰው ነው፣ ሰው ደግሞ ይረሳል።

«አባትሽ…» አለች እትዬ ቃል።

«ሾፌር ነበር። ሰባት ቁጥር አውቶቡስን ሠላሳ አንድ ዓመት ነድቷል። ሰፈሩ ጋሽ ሰባት ነው የሚለው።» ልጅቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ እጅጌዋ ላይ ነጭ ክር ተጣብቋል። «ካረፈ ሃያ ቀኑ ነው።»

«ነፍስ ይማር» አለች እትዬ ቃል።

ልጅቱ ቆማ ነገረቻት። አባቷ እግራቸው ከከዳቸው ወዲህ ከሦስተኛ ፎቅ ወርደው አያውቁም። እናቷ በሳምንት ሦስት ቀን ለኩላሊት እጥበት ሆስፒታል ይመላለሳሉ፣ በሰባት ቁጥር። ምክር ቤቱ ዳገቱ ላይ ያሉትን የመጨረሻዎቹን ሁለት ፌርማታዎች ሰረዘና አውቶቡሱ ከታች መመለስ ጀመረ። ከዚያ ወዲህ እናቷ ከእጥበት ሲመለሱ ዳገቱን በእግራቸው ነው የሚወጡት። ሦስት ቦታ ይቀመጣሉ። አንድ ቀን አራተኛ ቦታ ተቀምጠው መነሳት አቅቷቸው ጎረቤት አዝሎ አገባቸው።

«አባቴ ተናግሬያለሁ ብሎናል። በደንብ ሰሙኝ፣ ግን አልሆነም አለን። እናቴ ድምፁን ልስማው እያለች ነው። ድምፁ ያለበት ሌላ ነገር የለንም፣ እትዬ።»

እትዬ ቃል ወንበር እንድትይዝ ነገረቻትና ወደ ኋላ ክፍል ገባች።

የስብሰባው ቀን ጠዋት ስልክ ተደውሎላት ነበር። የሽማግሌ ድምፅ ነው። ለመናገር ተመዝግበዋል፤ መመሪያው ተራዎ ሲደርስ ኮከብና ስድስትን ይጫኑ ይላል፤ ጣታቸው ግን ይንቀጠቀጣል፣ ሌላ ነክተው ስልኩን እንዳይዘጉት ፈርተዋል። የሚያግዛቸው ሰው ቤት ውስጥ የለም፤ ባለቤታቸው ሆስፒታል ናቸው፣ ልጃቸው ሥራ ላይ። አንጀቷን በሏት።

«ምንም አይንኩ፣ አባባ» አለቻቸው። «መስመሩን እዚህ ሆኜ እኔ እከፍትልዎታለሁ።»

«በቃ በአንቺ ጣልኩት፣ ልጄ» አሏት።

ከሰዓት ስብሰባው ሲጀመር አንዱ መስመር ላይ ሕፃን ያለቅሳል፣ ሌላው ላይ ቴሌቪዥን ይጮኻል። ሊቀመንበሩ ይህን ገበያ ዝጊልን አላትና ሁሉንም በአንድ ቁልፍ ዘጋች። እንዲያ ሲሆን በስልክ ያሉት አዳራሹን ይሰማሉ፣ አዳራሹ ግን እነሱን አይሰማም። ከዚያ ሁለት አባላት ስለ አንድ የመኪና ማቆሚያ ተሰዳደቡ፤ እሷም እንደ ልማዷ አንዲት ስድብ እንዳታመልጣት አቀርቅራ ስትጽፍ የአውቶቡሱ ጉዳይ ደረሰ። በስልክ የሚናገር አለ ወይ ሲል ሊቀመንበሩ ጠየቀ። ቀና ብላ ስክሪኑን አየች። ኮከብና ስድስትን ተጭኖ እጁን ያወጣ የለም። እንዴት ይኖራል? የሚያወጣውን ሰው አትንካ ያለችው እሷ ናት። «የለም» አለች፣ እንዲያው በቅን ልብ። ጻፈችም፤ በስልክ አስተያየት አልቀረበም።

ሽማግሌው ትዝ ያሏት ወደ ቤቷ ስትሄድ፣ የአውቶቡሱ ሾፌር በር ሲከፍት ነው። ደርቃ ቀረች፤ መውረጃዋም አለፋት። በማግስቱ ለኃላፊዋ ነገረችው። ኃላፊው ከእሷ እጅ ሥራ የተማረ ልጅ ነው፣ አሁን አለቃዋ ሆኗል፤ ክፉም አይደለም። ሆድ ይፍጀው፣ እትዬ፣ አላት። እሷም ሰውየው ሰልችቷቸው ስልኩን ዘግተው ይሆናል ብላ ራሷን አጽናናች። ቅጂውን ከፍታ ለመስማት ግን ልብ አጣች።

አሁን ኃላፊው የልጅቱን ጥያቄ ሰምቶ ኖሮ ተከትሏት ገባና በሩን ገርበብ አደረገው።

«ማመልከቻ የምንመልሰው በአሥር ቀን ውስጥ ነው ይላል ሕጉ» አለ በዝግታ። «ቀን አለን። እስከዚያ መሣሪያው የራሱን ሥራ ይሥራ። እኛ ምንም አልነካንም።»

«ምንም አልነካንም» አለች እትዬ ቃል። አባባሉ ጆሮዋ ውስጥ ጮኸባት።

«ጡረታዎ ስምንት ወር ነው የቀረው። ሃያ ሁለት ዓመት አንድ ነቀፌታ የሌለበት ፋይል ይበላሽ? ሰውየው እንደሆኑ አይመለሱም።»

«ሚስትየዋ ግን በየሁለት ቀኑ ይመለሳሉ። በእግራቸው።»

እሷ መልሱን ሳትጠብቅ ልጅቱን ጠራቻት።

መቅጃ ክፍሉ ሁለት ሰው ቢቀመጥበት ጉልበት ለጉልበት የሚያጋጥም ነው። መሣሪያው የእያንዳንዱን መስመር ድምፅ ለየብቻ ያስቀምጣል፣ አዳራሹ ቢሰማውም ባይሰማውም። እትዬ ቃል የሾፌሩን መስመር ፈልጋ ከፈተች።

መጀመሪያ ሳል መጣ። ከዚያ የወረቀት ኮሽታ። ሽማግሌው ተራቸውን እየጠበቁ ንግግራቸውን ይለማመዱ ነበር፤ «የተከበራችሁ» ብለው ይጀምሩና ያቆማሉ፣ እንደገና ይጀምራሉ። ያንን መንገድ ጉድጓዱን ሳይቀር አውቀዋለሁ አሉ። ዳገቱ ላይ ማርሽ መቀየሪያው የት እንደሆነ፣ ዝናብ ሲሆን የትኛው ጥግ እንደሚያንሸራትት ተናገሩ። እዚያ የሚሳፈሩት ሽማግሌና ሕመምተኛ መሆናቸውን በመስታወት ሳያቸው ኖሬያለሁ፣ አሁን አንዷ ሚስቴ ናት አሉ። ልጅቱ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ትሰማለች።

ከዚያ የሊቀመንበሩ ድምፅ ከሩቅ ተሰማ፤ በስልክ የሚናገር አለ?

«አለሁ» አሉ ሽማግሌው። «አለሁ፣ ጌታዬ።»

ጸጥታ ሆነ። እዚያው ጸጥታ ውስጥ የእትዬ ቃል የራሷ ድምፅ መጣ፣ ጥርት ብሎ። «የለም።»

«ኧረ አለሁ። ትከፍትልኛለች። አትንካ ብላኛለች፣ አልነካም።» ትንፋሻቸው ይሰማል። «ልጄ፣ አለሁ እኮ።»

እጅ ሲወጣ፣ ሲቆጠር፣ ውሳኔው ሲነበብ በስልኩ ውስጥ ይሰማል። ሽማግሌው አልዘጉም። ስብሰባው ተበትኖ ወንበሩ ሁሉ እስኪነሳ ድረስ ጠበቁ። በመጨረሻ ለራሳቸው በሚሆን ድምፅ፣ «ይሁን። ሰምተውኛል እላታለሁ» አሉ። መስመሩ ተዘጋ።

ልጅቱ እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች፤ ክሩ ጉንጯ ላይ ቀረ። እትዬ ቃልም ታለቅስ ነበር፤ ማልቀስ ግን ዛሬ የእሷ ተራ እንዳልሆነ ታውቃለች፣ ስለዚህ ቶሎ ተናገረች።

«ምንም አይንኩ ያልኳቸው እኔ ነኝ። እከፍታለሁ ብዬ ረሳሁ። የለም ያልኩትም እኔ ነኝ።»

ልጅቱ ወደ መሣሪያው ዞረች።

«አባቴ አረንጓዴ መብራት ካልበራለት አይነሳም ነበር» አለች። «መንገዱ ባዶ ቢሆንም። እናቴ ሁልጊዜ ትስቅበታለች።» ከዚያ ቀና አለች። «ነገ የእጥበት ቀኗ ነው። ምን ልበላት?»

ይቅርታ አድርጌልሻለሁ አላለችም፤ እትዬ ቃልም አልጠበቀችም። ድምፁን በፍላሽ ገልብጣ፣ ሠርቶ እንደሆነ ሁለት ጊዜ ፈትሻ ሰጠቻት። ልጅቱ ፍላሹን መሐረብ ውስጥ ቋጠረችና ደረቷ ውስጥ ከተተችው። ሰዓቱ አሥር ተኩል ነበር።

እትዬ ቃል ወደ ጠረጴዛዋ ተመልሳ የቃለ ጉባኤ ማረሚያ ቅጽ አወጣች። ቅጹ ሲፈረም ውሳኔው ይፈርሳል፤ ሁለቱ ፌርማታዎች እንደገና ለምክር ቤቱ ይቀርባሉ። ከዚያ ወዲያ ይመለሱ አይመለሱ የእሷ ሥልጣን አይደለም። ኃላፊው አጠገቧ ቆመ። ቅጹን ሲያይ ተነፈሰ፤ አልከለከላትም።

«እሺ፣ ይሙሉት» አለ። «ግን ምክንያት የሚለው ላይ የቴክኒክ ችግር ይበሉ። ሁሉም እንደዚያ ነው የሚጽፈው። ማንም አይጎዳም።»

እውነቱን ነው፣ ሁሉም እንደዚያ ነው የሚጽፈው። እሷም ለሌሎች ስትጽፍ ኖራለች፤ መሣሪያ ተሰድቦ አይከፋውም። እስክሪብቶዋን ከፈተች። ከላይ ሙሉ ስሟን ከነአባቷ ከነአያቷ ጻፈች። ምክንያት በሚለው ፊት ለፊት የተሰመረችው መስመር የአንድ ጣት ያህል ናት፣ የቴክኒክ ችግር ለማለት ልክ የምትበቃ። እትዬ ቃል ሽማግሌው ጠዋት ከደወሉበት ሰዓት ጀመረች፤ እሳቸው ያሉትን፣ እሷ የመለሰችላቸውን፣ አንድ በአንድ። «አለሁ» የሚለው ላይ ስትደርስ ከመስመሯ ሥር ያለው ባዶ ቦታም አለቀ፤ ወረቀቱን ገለበጠችና ከጀርባው ቀጠለች።