ደሙ የተቀዳበት ሰዓት

የልጅ ልጄ ናሁሰናይ እንዳልጠጣ የሚናገር ወረቀት ቤቴ አለ፤ ማኅተም ያረፈበት። የደም ምርመራው «አልኮል፦ ዜሮ» ይላል። እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምሬያለሁና ማንንም ሳላስቸግር ራሴ አንብቤዋለሁ። ክሱ የቀለለለት፣ ባጃጁንም መልሶ መንዳት የጀመረው በዚህ ወረቀት ነው።

ያን ቀን ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ፣ እዚሁ ሳቢያን ሰፈር፣ በራችን ላይ ኒሞን በባጃጁ ገጫት። ኒሞ የጎረቤቴ የፋዱማ ልጅ ናት፤ አሥራ አራት ዓመቷ ነው። ነጠላዬን እንኳ ሳልይዝ ሮጥኩ። ሰው ሁሉ ልጅቷን ሲያነሳ እኔ የናሁሰናይን አፍ አሸተትኩ። ሲጠጣ ያደረ አፍ ነበር። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ የልጅቷን እግር ያየሁት ከዚያ በኋላ ነው።

ትራፊክ ፖሊስ ሳይደርስ ናሁሰናይን ሌላ ባጃጅ ላይ ጭኜ መልካ ጀብዱ፣ ወጌሻ ዘንድ ወሰድኩት። ትከሻው ወልቋል አልኩ። ምንም አልሆነም ነበር። ወጌሻው ደህናውን ትከሻ በቅቤ እያሸ ሲጠመዝዘው ከልቡ አለቀሰ፤ እኔም በሆዴ ደግ አደረገህ አልኩ። ከዚያ ወተት አጠጣሁት፣ አስተኛሁት፣ ልብሱን አስቀየርኩት። ጣቢያ ይዤው የሄድኩት ቀኑ ከተገባደደ በኋላ ነው። ፖሊሱ ለምን ዘገያችሁ ቢለኝ፣ አጥንቱ ይቅደም ብዬ ነው አልኩት። አገሩ ሁሉ ወጌሻ ያስቀድም የለ፤ አመነኝ። ደሙ ሲቀዳ አሥራ አንድ ሰዓት ሆኖ ነበር።

የላቦራቶሪው ልጅ ይሳቅ ወረቀቱን ሲሰጠኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ አስረዳኝ። ጉበት መጠጡን በየሰዓቱ እየቀነሰ ያጠፋዋል፤ ዜሮ ማለት ደሙ በተቀዳበት ሰዓት የለም ማለት እንጂ ጠዋት አልነበረም ማለት አይደለም። ሰዓቱንም ጽፎበታል።

«የሚያነብ ካለ ይነበባል፣ እማማ» አለኝ።

ማንም አላነበበም። ሁሉም ዜሮዋን እያየ መለሰው።

ትናንት ፋዱማ መጣችና እጄን ይዛ ቤቷ አስገባችኝ። ኒሞ ፍራሽ ላይ ተጋድማለች፤ እግሯ ሁለት ጊዜ ቀዶ ጥገና ተደርጎለት ዛሬም አይታጠፍም። ፋዱማ ጉልበቴን ልትስም ጎነበሰች።

«ወላሂ እትዬ የኔነሽ፣ አውፍ በይኝ። ሰክሮ ነው እያልኩ የልጅሽን ስም ሰፈር ለሰፈር አጠፋሁ። ያሳሳተችኝ ይቺ ናት። መጠጥ የት ታውቅና!»

«እማ፣ ሸቶኛል» አለች ኒሞ። «ሲያጎነብስብኝ ሸቶኛል።»

«ዝም በይ። ሐኪም ዋሸ ልትይ ነው?» ወደ እኔ ዞረች። «አንቺ ንገሪያት። መጀመሪያ የደረስሽው አንቺ ነሽ። ሸተተሽ?»

ኒሞ አየችኝ። እንድራራላት አልነበረም፤ እውነቱን እንደምናገር እርግጠኛ ነበረች። አሳድጌያታለሁ ማለት ይቻላል፤ ዋሽቼባት አላውቅም። አንድ ቃል ካወጣሁ ግን ናሁሰናይ እስር ቤት ይገባል። እናቱን ቀብሬያለሁ፤ ከእኔ በቀር ማን አለው?

«አልሸተተኝም ልጄ» አልኩ። «ደንግጠሽ ነው።»

ፋዱማ ሰማሽ አለቻት፤ ይቅርታ ጠይቂ ብላም በክርኗ ነካቻት። ኒሞ እያቃሰተች ቀና ብላ እጄን ሳመች፤ ተሳስቼ ነው አለች።

እኔም ይቅር አልኳት።