ቀዩ ወንበር

ፀጉር አስተካካዩን ሰፈርተኛው «ጋሽ ይቀረኛል» ይለዋል። እንዴት ዋልክ ሲሉት ደህና ማለት አይሆንለትም፤ «ትንሽ ይቀረኛል» ነው መልሱ። አንድ ወንበር ሳለው ሁለት ይመኛል፤ ሁለት ከሆነለት ደግሞ ሁለት ሱቅ ማሰቡ አይቀርም። ሚስቱ፣ መጀመሪያ እራትህን ሳይቀዘቅዝ ብላ፣ ከዚያ የፈለግከውን ትገዛለህ ትለዋለች። ይስቃል እንጂ አይሰማም። ቆሞ ስለሚውል ማታ ማታ እግሩ አብጦ ጫማው አልወልቅ ይለዋል።

በመጨረሻ ያንን ሁለተኛ ወንበር አመጣው። ቀይ ነው፣ ይሽከረከራል፣ ላስቲኩ እንኳ አልተላጠም። ጣጣው ማስቀመጫው ነበር። ሱቋ ሁለት ሰው ጎን ለጎን ቢያስነጥስ የምትጠብ ናት። ስለዚህ ደንበኛ ተራ የሚጠብቅበትን አግዳሚ ወንበር አውጥቶ ጓሮ ወረወረው። አግዳሚው ደግሞ የጡረተኛው ሹፌርና የጎረቤቱ ልብስ ሰፊ ርስት ነበር። ፀጉራቸው አደገም አላደገም እዚያ ቁጭ ብለው ሰው ሲያሙ ነው የሚውሉት፤ ልብስ ሰፊው እንደውም መላጣ ነው።

ወንበሩ ሁለት ሆነ፣ ሠራተኛው ግን ያው አንድ። ጋሽ ይቀረኛል አንዱን ሳሙና ቀብቶ ወደ ሌላው ይሮጣል፣ እሱን ሳይጨርስ ይመለሳል። አንድ ከሰዓት በኋላ ሁለቱም ወንበሮች ላይ አረፋ የለበሰ ፊት ተቀምጧል። አንዱ ሙልጭ አድርገህ ላጨኝ ያለ እንግዳ ነው። ሌላው ሹፌሩ፤ እሱ የፈለገው አገጩን ብቻ ነው። ጋሽ ይቀረኛል ዓይኑ በድካም ተጨናብሷል። ምላጩን አነሳና እንግዳው መስሎት ሳብ አደረገው። አረፋው ሲነሳ የሹፌሩ ሪዝ ግማሹ አብሮ ተነሳ።

ሹፌሩ ያንን ሪዝ ያሳደገው ሳያገባ ነው። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ እንኳ በየጠዋቱ ያበጥረዋል። መስታወቱን አየ፤ ከዚያ ፀጉር አስተካካዩን አየው።

«የተረፈውንም ጨርሰው እንግዲህ» አለ።

ጨረሰው። ሹፌሩ አፉን በመሀረብ ይዞ ወጣ።

በዚያው ቀረ። ልብስ ሰፊውም መቀመጫ የለም ብሎ ከስፌት መኪናው አልነሳ አለ። ደንበኛ ይመጣል፣ ተላጭቶ ይሄዳል፤ ሱቋ ግን ጭር አለች። የጋሽ ይቀረኛል እግር ደግሞ ከወትሮው ባሰበት። ቢቸግረው ለሚስቱ ነገራት። ትቆጣኛለች ብሎ ነበር፤ አልተቆጣችም።

«እነሱ ሲያወሩልህ እግርህ መኖሩንም ትረሳው ነበር እኮ» አለችው።

በነጋታው ቀዩን ወንበር ለሻጩ መለሰና አግዳሚውን አጥቦ አስገባ። ከዚያ ሹፌሩ ደጅ ሄደ። ሹፌሩ አፉን እንደሸፈነ ከፈተለት።

«ጋሼ፣ አግዳሚው ገብቷል» አለው።

ሹፌሩ በሩን መልሶ ዘጋው።

ሁለት ቀን ሙሉ አግዳሚው ላይ የተቀመጠው ልብስ ሰፊው ብቻ ነው። በሦስተኛው ቀን ሹፌሩ መጣና ምንም እንዳልተፈጠረ የድሮ ቦታው ላይ ተደላደለ። ብቅ ብቅ ያለው ሪዙ ከንፈሩ ላይ ጉንዳን የሰፈረበት አስመስሎታል። ልብስ ሰፊው ሳቁን ለመዋጥ ሳል ሳለ።

ደንበኛ አልነበረም። ጋሽ ይቀረኛል ጫማውን እንደምንም አወለቀና መሀላቸው ተቀመጠ። አንድ መንገደኛ በበሩ አንገቱን አስግጎ፣ እንዴት ዋልክ አለው።

«ደህና ነኝ» አለ፤ ቃሉን አፉ የለመደው አይመስልም።

ሹፌሩ ከንፈሩን ዳሰሰ። «አሁንስ የሚቀረኝ እኔ ነኝ» አለ።