በምዕራብ በኩል የጨመርኩት ክፍል

በፌሊም ቤት ምዕራብ ጫፍ ላይ ያለውን ክፍል የሠራሁት እኔ ነኝ። ድንጋዩን እሱ ከባሕሩ ዳር በአህያ አመላለሰ፤ እኔ ገነባሁ። ሦስት ሳምንት ፈጀብን። ድሮ በዚያ ጫፍ አንዲት ትንሽ መስኮት ነበረች። እሷን አፍርሼ ወደ አዲሱ ክፍል የሚያስገባ በር አደረግኩበት። ለአዲሱ ክፍል መስኮት ያወጣሁት በደቡብ በኩል ብቻ ነው። በእኛ አገር ወደ ምዕራብ መስኮት የሚያወጣ ግንበኛ ሞኝ ነው፤ የባሕሩ ነፋስ ጣሪያውን ከነሣሩ ገፎ ይሄዳል። ይህንን ለፌሊም ነገርኩት፤ ተስማማ። ሚስቱን ኑላን የጠየቃት የለም።

ክፍሉ የታሰበው ለእሷ ነበር። በዚያ ዓመት በብርዱ ወራት የመጀመሪያ ልጃቸው ተወለደ፤ ቄሱ ሳይደርሱም ሞተ። ክርስትና ያልተነሳ ሕፃን በቤተ ክርስቲያን ግቢ አይቀበርም። ከመንደሩ በላይ፣ የጥንት ሰዎች የሠሩት፣ እሾህ ዛፍ የበቀለበት ክብ የአፈር ካብ አለ። እንደዚያ ያሉ ሕፃናት የሚቀመጡት እዚያ ነው። አባት ብቻውን ይወስዳል፤ እናት አትሄድም። ፌሊም ልጁን ከኮቱ ሥር ይዞ ሄደ፤ ባዶ እጁን ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ በዚያ ቤት ስለ ልጁ ሲነገር አልተሰማም። ሰፊ ክፍልና ጥሩ ምድጃ ቢኖራት የሚሻላት መስሎት ነበር።

ካቡ ከሰው ዓይን የሚሰወሩት የትንንሾቹ ሰዎች መኖሪያ ነው። በስማቸው አንጠራቸውም፤ ደጎቹ ሰዎች እንላቸዋለን። ካቡን የሚያርስ የለም፤ ከእሾሁም ቅርንጫፍ የሚቆርጥ የለም።

ሣር በሚታጨድበት ወር ፌሊም ቤቴ መጣ። ቆቡን በእጁ ይጠመዝዛል።

«ዲጂኖዎን ይዘው ይምጡ» አለኝ። «ክፍሉን እናፈርሳለን።»

«ምን ሆነ?»

«ኑላ ከአልጋ አልነሳ አለች። ዛሬ ዘጠኝ ቀኗ ነው፤ ከወተት በቀር የቀመሰችው የለም። አሮጊቷ ሳይቭ በደጎቹ ሰዎች መንገድ ላይ ነው የሠራችሁት አሉኝ። ካልፈረሰ ይወስዷታል አሉ።»

ዓይኑ ቀልቷል። ዲጂኖዬን አነሳሁ።

ስንደርስ ሳይቭ ሻያቸውን ይዘው በዋናው ክፍል ምድጃ አጠገብ ተቀምጠዋል። ሰማንያ ዓመታቸው ነው፤ መንደሩን ሁሉ ያዋለዱ እሳቸው ናቸው።

«እግዚአብሔር በዚህ ቤት ያሉትን ሁሉ ይጠብቅ» አልኩ።

«አንተንም ይጠብቅህ፤ የምትጠበቅ ከሆነ» አሉኝ። «አንተ የፓድራግ ልጅ! አባትህ ቢሆን በምዕራብ በኩል የውሻ ቤት እንኳ አይሠራም ነበር። በአራቱ ማዕዘን ድንጋይ አሳደራችሁ? ጠዋት እነሱ አነቃንቀውት እንደሆነ አያችሁ?»

«አላየንም። ግድግዳው ቀጥ እንዲል ቱምቢ ይዤ ነበር።»

«ቱምቢ ለእነሱ ምናቸው ነው? ያደገው ጢምህ ነው እንጂ አንተ አላደግክም።»

ኑላ በአዲሱ ክፍል ፊቷን ወደ ምዕራቡ ግድግዳ አዙራ ተኝታለች። ግድግዳውን አየሁ። ከአልጋዋ በላይ በድንጋዮቹ መሃል ያለው ኖራ ተፍቋል። ጥፍሯንም አየሁ። በርጩማ ስቤ ተቀመጥኩ።

«ኖራዬን የሚበላ አይጥ አላችሁ እንዴ?»

«አይጧ እኔ ነኝ» አለች።

«ከግድግዳው ወዲያ ምን ፈልገሽ ነው?»

«በድሮዋ መስኮት ካቡ ይታየኝ ነበር። ጠዋት ጠዋት ፀጉሬን ስጎነጉን አንዲት ትንሽ ሴት ከእሾሁ ሥር ትወጣለች። ቁመቷ ከቅቤ መናጫ አይበልጥም። በቀይ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ይዛለች። ጎረቤት ልጅ እንደሚያሳይ ወደ እኔ ታዞረዋለች። ትንሽ ቆማ ትመለሳለች።»

«ለፌሊም ነግረሽዋል?»

«እዚያ ወስዶ ያስቀመጠው እሱ ነው፤ እንዴት ብዬ ልንገረው? ደስ ብሎት ድንጋይ ሲያቀብልዎት ሳየው አፌን ያዝኩ። አሁን ወጥታ ታጣኛለች። ልጇን ጥላ የሄደች ናት ትለኛለች። አንድ ቀን ማሳየቷን ትተዋለች።»

የእኔ ልጆች ሁሉም ክርስትና ተነስተዋል።

«መንገዳቸው ስፋቱ ምን ያህል ነው?» አልኳት።

መጀመሪያ አልገባትም። ከዚያ ሁለት እጇን ከብርድ ልብሱ አውጥታ አንድ ክንድ ያህል ለካችልኝ።

ወደ ምድጃው ተመለስኩ።

«መንገድ ነው» አልኩ።

ሳይቭ ጉልበታቸውን መቱ። «አላልኩም?»

«ክፍሉ ግን አይፈርስም። ትንንሾች ናቸው፤ አንድ ክንድ ይበቃቸዋል። መስኮት አወጣላቸዋለሁ።»

«በመስኮት ያልፋሉ ሲባል ሰምቼ አላውቅም!»

«ሳይቭ እናቴ፣ ስንት ቤት ገንብተዋል?»

«አንተስ ስንት አዋልደሃል?»

ፌሊም ሳቀ፤ ከስንት ጊዜ በኋላ። ወዲያው ወደ እኔ ዞረ። «ወደ ምዕራብ መስኮት የሚያወጣ ሞኝ ነው ብለውኝ ነበር እኮ።»

«ብያለሁ። ሞኝ በለኝና ና፣ ድንጋይ ተቀበለኝ።»

ግድግዳውን ከአልጋዋ ትይዩ፣ ተቀምጦ ለሚያይ ሰው በሚመች ከፍታ ከፈትኩት። ነፋሱ ገባ። ፌሊም አንድ ድንጋይ እንደተቀበለኝ ድንገት ቆመ። በቀዳዳው የሚታየው ካቡና እሾሁ ነው፤ ሌላ ምንም የለም። ድንጋዩን እንዳቀፈ ቆየ። ኑላን አላያትም፤ እሷም አላየችውም።

«ለዛሬ ጆንያ እንስቀልበት» አለ በመጨረሻ።

«ጆንያ አይሰቀልም» አለች ኑላ።

በማግስቱ ጠዋት በመስኮቱ አናት ለሚጋደመው ጉበን የሚሆን ረጅም ድንጋይ በአህያ ጭኜ መጣሁ። በሩ ክፍት ነው። ምድጃው አጠገብ የተቀቀለ ድንች አለ፤ ግማሹ ተበልቷል። ድምፅ ስሰማ ከክፍሉ በር ላይ ቆምኩ። አልጋው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ ጀርባቸው ወደ እኔ ነው። ፀጉሯን መጎንጎን ጀምራ ሳትጨርሰው ትታዋለች።

በቀዳዳው እኔም አየሁ። ካቡን አየሁ፤ ሣሩ ላይ ጤዛ አለ። ሌላ ያየሁት የለም። ዓይኔ ግን ያን ጊዜም ለሩቅ ደካማ ነበር።

«ይታይሃል?» አለችው።

ፌሊም መዋሸት የማያውቅበት ሰው ነው።

«አይታየኝም። አንቺ ንገሪኝ። አጥብቃ ይዛዋለች?»

«ይዛዋለች።»

«ጭንቅላቱንስ? ስወስደው ጭንቅላቱን ደግፌው ነበር። እስክደርስ ድረስ አለቀቅኩትም።»

«ደግፋዋለች» አለች ኑላ። እጁን ፈልጋ ያዘችው።

ድንጋዩን ደጅ አውርጄ ወደ ቤቴ ተመለስኩ። ጉበኑን ያስገባሁት ከሰዓት በኋላ ነው።