የሱከር አሮጌ ልብስ

ሻዕባን በአሶሳ ገበያ አርባ ዓመት ልብስ ሲሰፋ አንድ ቀን እንሽላሊት ቀላቢ እሆናለሁ ብሎ በሕልሙም አላሰበም። ጉድ የፈላው ልጁ ዐርዋ በኤሌክትሪክ ሠራተኛነት ተቀጥራ ወደ ጉባ፣ ወደ ግድቡ፣ የሄደች ጊዜ ነው።

ሚስቱ ካረፈች ወዲህ ቤቱ ውስጥ የነበሩት አባትና ልጅ ብቻ ነበሩ። ሦስተኛ ከተባለ ሱከር ናት። ሱከር ዐርዋ ከግድግዳ ላይ ይዛ ያላመደቻት እንሽላሊት ስትሆን፣ መኖሪያዋ የድሮ የሱቅ መስታወት ሣጥን ነው። ዐርዋ ይዣት ልሂድ ብትል ሻዕባን "እዚህ ትቆይ፣ እኔ አበላታለሁ" ብሎ ድርቅ አለ። ለእንሽላሊቷ አዝኖ እንዳይመስላችሁ! ሱከር እዚህ እስካለች ልጄ መመለሷ አይቀርም ብሎ ነው። ይህን ግን ለማንም አልተነፈሰም።

ታዲያ ዐርዋ ለእረፍት ልትመጣ አምስት ቀን ሲቀራት ሱከር ምግብ እምቢ አለች። ሻዕባን ፌንጣ ቢያቀርብላት ፊቷን አዞረች። ምስጥ ለቅሞ ቢያመጣላት ዞር ብላም አላየችው። ረቡዕ ጠዋት ጭራሽ ቆዳዋ ነጥቶ አመድ መሰለች። ያን ጊዜ ሻዕባን ፍርሃት ያዘው።

"ጤናዬ፣ እሱ አይበላም። ሊሞት ነው" አላት፣ ሴቱንም ወንዱንም "እሱ" በሚለው አማርኛው፣ ከሱቁ አጠገብ ቅመም ለምትሸጠው ጎረቤቱ። ጤናዬ ከወሎ በሰፈራ የመጡ ሰዎች ልጅ ናት፤ ለሰው ችግር መላ አታጣም።

"ኧረ ጋሽ ሻዕባን፣ ለዚች ነው እንዲህ የሚጨነቁት? ግድግዳው ሁሉ እንሽላሊት አይደል! አንዷን ይያዙና ይተኩ። ማን ይለያታል?"

ሻዕባን ልጁን ዋሽቷት አያውቅም። ይሁን እንጂ በባዶ ሣጥን መቀበል ከውሸትም ባሰበት። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ መሰላል ላይ ወጥቶ ከጤናዬ ሱቅ ግድግዳ አንድ ወፍራም እንሽላሊት ይዞ የወተት ጣሳ ውስጥ ከተተ። መሰላሉን የያዘችው ጤናዬ በሳቅ ልትፈርስ ደረሰች።

ጣሳውን ታቅፎ ቤቱ ገባና የሣጥኑን ክዳን ሲከፍት ባለበት ደርቆ ቀረ። ሱከር የነጣውን ቆዳዋን በአፏ እየጎተተች ታወልቃለች፤ ያወለቀችውን ደግሞ ትውጠዋለች!

"ጤናዬ፣ ና! ና! ራሱን በላ!"

ጤናዬ ሮጣ መጥታ አየችና አማተበች። ይሄኛው ከእሷም መላ በላይ ስለሆነ ወደ ጉባ ደወሉ። ሻዕባን በአፍ መፍቻው፣ በበርታ ቋንቋ፣ ነገሩን ሁሉ ዘረገፈው፤ በጣሳ ያለውን እንግዳ እንኳ አልደበቀም።

ዐርዋ ስቃ ስቃ ሲወጣላት "አባቴ፣ ልብሷን እየቀየረች ነው እኮ!" አለችው። "ቆዳዋ ሊወልቅ ሲል ምግብ ትተዋለች። ሲወልቅ ደግሞ አሮጌውን ትበላዋለች፤ ለሰውነቷ ይጠቅማታል። አሁን ፌንጣዋን ትጠይቅሃለች።"

"አንቺ እዚህ ሳለሽ ይህን አንድም ቀን አላየሁም!"

"ከስፌት መኪናህ ላይ መቼ ቀና ትላለህ?"

ሻዕባን ወደ ሣጥኑ ጎንበስ አለ። አርባ ዓመት ቁራጭ ጨርቅ ጥሎ አያውቅም፤ ሱቁ ውስጥ ሦስት ጆንያ ሙሉ ብጥስጣሽ አለ፣ ሰውም ይስቅበታል። ይቺ ደግሞ የጣቶቿን ቆዳ ሳይቀር እንደ ካልሲ እያወለቀች፣ ቅዳጅ ሳታስቀር አጣጣመችው። ለመጀመሪያ ጊዜ ወደዳት።

"ይሄ ሙያ ያውቃል" አላት ጤናዬን።

ዓርብ ዐርዋ ስትደርስ ሱከር አዲስ ቆዳዋን ለብሳ ፌንጣ ታሳድዳለች። አጠገቧ ሌላ ሣጥን አለ፤ ውስጡ ከጤናዬ ግድግዳ የተያዘው ወፍራም እንሽላሊት ተጋድሟል።

"ይሄንንስ አትለቀውም?"

"እሱ የኔ ነው" አለ ሻዕባን፣ መርፌው ላይ ክር እያስገባ። "ሱከርን ስትሄጂ ይዘሻት ሂጂ። እዚህ ያስቀረኋት አንቺ እንዳትቀሪብኝ ፈርቼ ነው።"

ዐርዋ አጠገቡ ተቀመጠች። "ያለ እሷም እመጣለሁ እኮ፣ አባቴ።"

"አውቃለሁ" አለ። ክሩ አልገባ ብሎት መርፌውን ሰጣት። "ብቻ ይሄ የኔው እንሽላሊት ልብሱን ሲቀይር ነይ። ብቻዬን አላየውም።"