ለቅሶ የለመደው ዳማ

ዳማው ፈረስ ሜዳው ጫፍ ሲደርስ ቀጥ ብሎ ቆመና ጆሮዎቹን ወደ ሕዝቡ ቀሰረ። የወላይታ ዘመን መለወጫ የጊፋታ ሰሞን ነው፤ የሶዶ ሰው ነቅሎ ወጥቶ ሜዳውን ከቦታል፤ ከበላዩ የዳሞት ተራራ ክረምቱን ሙሉ የደረበውን ጉም አውልቆ ጥርት ብሎ ይታያል። ኤርካሎ የፈረሱን ጋማ ዳበሰና «አይዞህ» አለ። ለፈረሱ ይበል ለራሱ፣ እሱም አያውቀውም።

ኤርካሎን ያስፈራው ነገር ሜዳው ዳር ሾላ ሥር ታስሯል፤ ቦራ የሚሉት በሬ ነው። ሰኔ ላይ ኤርካሎ ይህን ፈረስ ከገሱባው ሰው ከሶርሳ ሲቀበል በለውጡ የሰጠው ይህንኑ የእርሻ በሬውን ነበር። ሚስቱ ቦሼ ቦራን ከጥጃነቱ ጀምራ በእጇ አብልታ ያሳደገችው ናትና ሦስት ቀን አኮረፈች፤ በአራተኛው ቀን ከኩርፊያዋ ስትወጣ ውል ይዛ ወጣች። ፈረሱ በጊፋታው ውድድር ካስከበራቸው ከእነሱ ጋር ይቀራል። በሰው ፊት ካሳፈራቸው ግን በዚያው ዕለት ፈረሱ ወደ ገሱባ፣ በሬው ወደ ቤቱ። ሶርሳም ተስማማ። ዛሬ በሬውን እየጎተተ የመጣው ለዚህ ነው፤ ነገሩ ወዴትም ቢያጋድል ሁለት ጊዜ መመላለስ የሚወድ ሰው አይደለም።

ውድድሩ የሩጫ አይደለም። የጥንቱ ፈረሰኛ ባላምባራስ ወልደመስቀል ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው የሚዳኙት የፈረስን አመል ነው፤ አረማመዱን፣ ሶምሶማውን፣ ግልቢያውን፣ ዛብ ሲሳብ ባለበት ቀጥ ማለቱን። ማን ቀደመ ሳይሆን ማን አማረ ነው ነገሩ። እስከ አምና ድረስ የሚወዳደሩት የከተማው ሹማምንትና ነጋዴዎች ብቻ ነበሩ፤ ከዱቦ በኩል እንደ ኤርካሎ ያለ ገበሬ ፈረሱን ጭኖ ሲመጣ ይህ የመጀመሪያው ነው።

ዳማው አመለ ሸጋ ነው፤ አንድ ነውር ብቻ ነበረበት፤ ሰው ሲበዛ ይደነብራል። ስለዚህ ሰው ማልመድ ያስፈልግ ነበር። ግን በክረምት ሰው ከየት ይመጣል? ገበያው በጭቃው ምክንያት ሳስቷል፣ ሠርግ የለም። ክረምት ከበጋ የማይቀር ስብሰባ አንድ ብቻ ነው፤ ለቅሶ። በዚያ አገር ትልቅ ሰው ሲሞት ከበሮ ይመታል፣ ሴቶቹ ደረት ይደቃሉ፣ ፈረሰኛው ፈረሱን በዝግታ እያራመደ ለቀስተኛውን ይዞራል። ከዋናው ሐዘንተኛ ፊት ሲደርስ ፈረሱን አንገት ያስደፋዋል፤ ሐዘንተኛውም ከተቀመጠበት ተነሥቶ ይቀበለዋል።

ኤርካሎ ሦስት ወር ሙሉ አንድ ለቅሶ አላመለጠውም፤ እስከ ገሱባ፣ እስከ ሃላሌ ወረደ። በዐይኑ አይቶት የማያውቀውን ሰው ከወራሾቹ አብልጦ ያለቀሰበት ቀን አለ። ጎረቤቱ ጦና «የሞተ ሁሉ ዘመድህ ሆነ እኮ! ራሴን ባመመኝ ቁጥር ደጅ ደጁን የማየው አንተን ፈርቼ ነው» እያለ ይቀልድበት ነበር። ቢቀልድም ባይቀልድም ፈረሱ ሰው ለመደ፤ መደንበሩን እርግፍ አድርጎ ተወ።

መጀመሪያ የነጋዴው የቢያድግልኝ አምባላይ ፈረስ ወጣ። ተራመደ፣ ሶመሶመ፣ ጋለበ፣ በአንድ የዛብ ስበት ቆመ። ሕዝቡ አጨበጨበ። ቀጥሎ ተራው የኤርካሎ ሆነ።

ዳማው በእርምጃው ማንንም አላሳፈረም። በሶምሶማውማ ከከተሜዎቹ መካከል «የማን ነው ይሄ?» ያለ ሰው ነበር። ከሴቶቹ መሐል የቆመችው ቦሼ ነክሳ የያዘችውን የነጠላዋን ጫፍ ከአፏ ለቀቀች። ኤርካሎ ይህን አየና ልቡ በደስታ ዘለለች። የቀረችው ግልቢያዋ ብቻ ናት።

ለግልቢያው ነጋሪቱ ተጎሰመ። ሴቶቹ እልል አሉ። ሕዝብ፣ ከበሮ፣ የሴቶች ድምፅ፤ ዳማው የት እንዳለ ገባው።

አንገቱን ቀለሰ። አንድ እግሩን ከፍ አድርጎ አነሣ፣ አየር ላይ አቆየውና ሬሳ ያለበት ቤት እንደሚገባ ሰው ቀስ አድርጎ አሳረፈው። ከዚያ ሁለተኛውን። ኤርካሎ በእርካቡ ጎሰመው፤ ፈረሱ ሐዘኑ የባሰ መስሎት ይበልጥ ዝግ አለ። የፈሩት ይደርሳል የጠሉት ይወርሳል ይሉ የለ? እልልታው ከአንዱ ጥግ ጀምሮ እየከሰመ ሄደ። በዓመት በዓል፣ ያውም በጊፋታ፣ የለቅሶ እርምጃ!

ዳማው ሕዝቡን በዝግታ ዞረ። ዋናውን ሐዘንተኛ እየፈለገ ነበር። ሽማግሌዎች ግራና ቀኝ ከበውት፣ ፊቱን አጨፍግጎ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ሲያይ አገኘሁት ብሎ ቆመ። ከባላምባራስ ወልደመስቀል ፊት ጋማው ሣሩን እስኪነካ ድረስ አንገቱን ደፋ።

ልማድ ክፉ ነው። ኤርካሎ ሳያስበው ከአፉ አመለጠው።

«እግዜር ያጥናዎ!»

ባላምባራስም ሳያስቡት ብድግ አሉ። ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ።

«እግዜር ይስጥልኝ» አሉና ወዲያው ክው ብለው ቀሩ። «ቆይ፣ ቆይ! ማን ሞተብኝ?»

ሜዳው በሳቅ ተናጋ። ነጋሪት መቺው መምቻውን ጥሎ ሆዱን ያዘ። ኤርካሎ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ። ባላምባራስ ግን አልተቀመጡም። ወደ ፈረሱ ጠጋ ብለው አንገቱን ዳበሱት።

«ማነው ያስተማረው?»

«ለቅሶ ነው፣ ጌታዬ።»

«በወጣትነቴ አንድ ፈረስ እንዲህ እንዲራመድልኝ አራት ዓመት ደክሜ እንቢ ብሎኛል» አሉ ባላምባራስ። «ስላልጋለበ ሽልማቱ የአምባላዩ ነው። ይህኛውን ግን ለራሴ ቀን አደራ ብያለሁ። እንዳትቸኩልብኝ እንጂ!»

ሕዝቡ እንደገና ሳቀ። ኤርካሎ ሳቁን በጀርባው ይዞ ወደ ሾላው ሄደ፤ ከፈረሱ ወረደና ዛቡን ለሶርሳ ዘረጋለት።

«ውል ውል ነው። አሳፈረን።»

«ማን አለ?» አለች ቦሼ ከኋላው ደርሳ። ከመሳቋ ብዛት ጉንጯ በእንባ ርሷል። «ለዳኝነት ባላምባራስ ዘንድ ስንሄድ እሳቸው ተቀምጠው እኛ ቆመን ስንት ዓመታችን ነው? ዛሬ ለማን ነው የተነሡት?»

ኤርካሎ የዘረጋውን ዛብ ወደ ራሱ ሰበሰበ። ቦሼ የበሬውን ገመድ ራሷ ከሾላው ፈታች፤ ግንባሩን አከከችለት፤ ጆሮው ውስጥ የሆነ ነገር አንሾካሾከችለትና ገመዱን ለሶርሳ ሰጠች። ሶርሳ ሐሳቧን ሳትለውጥ ብሎ ቶሎ ቶሎ እየተራመደ የገሱባን መንገድ ያዘ።

የበሬው ጀርባ ከቁልቁለቱ ሲሰወር ቦሼ ሣሩ ላይ ቁጭ አለች። ነጠላዋን በራሷ ላይ ሳበችው፤ ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ኤርካሎ አጠገቧ ተገትሮ ቀረ። ሦስት ወር ሙሉ የማያውቀውን ሰው ሁሉ ሲያጽናና የከረመ ሰው ለገዛ ሚስቱ አንዲት ቃል ጠፋችው።

ዛቡ ከእጁ መሳቡን እንኳ አላስተዋለም። ዳማው አንዱን እግሩን ከፍ አድርጎ አነሣ፣ አቆየው፣ ቀስ አድርጎ አሳረፈው። እንዲህ እያለ ሄደና ከቦሼ ፊት ሲደርስ አንገቱን ደፋ።

ቦሼ ነጠላዋን ገለጥ አድርጋ አየችው። ከዚያ እንደ ወጉ ተነሥታ ቆመች፤ ቀሚሷ ላይ የተጣበቀውን ሣር አራገፈች።

«እግዜር ይስጥልኝ» አለችው።