የቪትዟ ሞላ

አብራር ቪትዙን ዝቅ ያስደረጋት ዕለት ጉለሌ በሙሉ የእሱ መስሎት ነበር። የፋብሪካውን ሞላ፣ ያንን ማኪናዋን የሚሸከመውን ጥቅልል ብረት፣ አስፈትቶ አጭር አስገባባት፤ መሬት ልትስም ምንም አልቀራት። ጓደኞቹ «አቦ ይመችህ!» አሉት። ሆዷ ኮብልስቶኑን ሲፍቅ የሚወጣው ጩኸት እንኳ ለእሱ ዜማ ነበር። ጉድ እኮ ነው!

እናቱ ጀዊሪያ ግን ከዚያ ወዲህ ሐሙስ ሐሙስ ዊንጌት እህቷ ጋ ስትሄድ፣ «ተወኝ፣ በእግሬ ልሂድ፤ ለስኳሬ ጥሩ ነው» ማለት አመጣች። ድሮ የሐሙስ መንገድ የሁለቱ ነበር። እሷ ጋቢና ተደላድላ የሰፈሩን ወሬ ስታወርደው፣ እሱ በሳቅ ሲፈርስ ነበር የሚደርሱት። በእግር መሄዱን ሐኪም ያዘዘላት መስሎት አመናት። ሁለት ዓመት ሙሉ አመናት፤ ሞኝ!

ባለፈው ሐሙስ ጳውሎስ ጋ የታክሲ ሰልፍ ላይ አያት። በአንድ እጇ ዳሌዋን ደግፋ ረዳቱን ትለማመጣለች። «የኔ ልጅ፣ ጋቢናውን ያዝልኝ። ዝቅ ካለ ወንበር መነሳት አልችልም» ስትል በጆሮው ሰማ። አብራር ዳሌዋን እንደሚያማት ያውቃል፤ የእሱ ማኪና ውስጥ መግባትና መውጣት እንዳቃታት ግን አንድም ቀን አላሰበም። ደስታውን ላለማበላሸት ዋጥ አድርጋው ኖራለች። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚሉት እሱን ነው።

ቤት እንደገባ አልጋ ስር ተንበርክኮ ፈለገ።

«እማ፣ እዚህ ያስቀመጥኩት የድሮው ሞላ የት ሄደ?»

«ያ ዝገት? ለቁራሌው ሸጥኩት እንጂ! ተበላሽቶ ያወጣኸው አይደል እንዴ?»

«ደህናው እኮ ነው እማ!»

«ደህና ነገር ማን ያወጣል፣ ልጄ?»

ተነስቶ የጉልበቱን አቧራ አራገፈ። 

በነጋታው ሽማግሌው መካኒክ ኢታና ጋ ሄደ። «ጋሽ ኢታና፣ እናቴ ዝቅ ብላባት መግባት አቃታት፤ ጎማ ነገር ጠቅጥቀውም ቢሆን ከፍ ያድርጉልኝ» አለ።

«እናትህን ጥቅጥቅ ላይ ልታስቀምጥ? ሂድ ምናለሽ ተራ ፈልግ! የቪትዟን የራሷን ዓይነት ሞላ ካላመጣህ እጄ አይነካትም።»

አብራር ሦስት ቀን የመርካቶን ብረታ ብረት ሲያገላብጥ ከረመ። በአራተኛው ቀን ከአንዲት የተገጨች ቪትዝ የወጡ አራት ሞላዎች አገኘ፤ ደስ ከማለቱ ብዛት ሻጩን ሊስመው ምንም አልቀረው።

ሐሙስ ጠዋት ኢታና ገጠማቸው። ቪትዟን ከሥሯ ገብቶ በሚሠራበት የጋራዡ ጉድጓድ ላይ አቆማትና ከታች ሆኖ ተጣራ። «የመጨረሻው ቡሎን የሚጠብቀው ሰው ሲጫንባት ነው። ባዶዋን ካጠበቅኩት የማያያዣው ላስቲክ ይቀደዳል። ሰው አምጣ!»

ጎረቤት ሱቅ ያላት ደሳለች፣ «ለክብደትማ ከእኔ ወዲያ!» ብላ ኋላ ገባች። አብራር መሪውን ያዘ። ጋቢናው ባዶ ነው። ለእናቱ ደወለ።

«እማ፣ እዚህ ጋራዡ ጋ ብቅ በይ። ክብደትሽ ተፈልጎ ነው።»

«ምን? ሲሚንቶ አደረግከኝ?»

ለታክሲው ለባብሳ ነበርና እየተነጫነጨች መጣች። ከፍ ያለችውን ቪትዝ ከላይ እስከ ታች አየቻት። በሩን ከፈተች፤ «ቢስሚላህ» ብላ በጎን ዞራ ተቀመጠች፤ እግሮቿን አንድ በአንድ አስገባች። አብራር ትንፋሹን ውጦ ፊቷን ፊቷን ያያል። አላቃሰተችም። አልሐምዱሊላህ፣ ቅንድቧ እንኳ አልተኮማተረም!

ኢታና ጥቂት ታገለና፣ «ጨርሻለሁ፣ ውረዱ!» አለ።

ደሳለች ወረደች። ጀዊሪያ ንቅንቅ አላለችም።

«እማ፣ አለቀ እኮ።»

«ሰምቻለሁ።» ቀበቶውን ስባ አሰረች። «ሁለት ዓመት ስትናፍቀኝ ከረምክ፤ ዛሬ ማን አባቱ ያወርደኛል?»

አብራር እንባውን በእጅጌው ጠርጎ ሞተሩን አስነሳ። «ዊንጌት ነዋ?»

«ዊንጌትማ ቅርብ ነው። እህቴ ትቆይ» አለች፤ «በእንጦጦ አዙረህ ውሰደኝ።»